ማኅተም የሌለው ምስክር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዘንድሮው ጉድ ግን መስከረምን መች ጠበቀ! ለመወለድ ወረቀት፣ ለመጋባት ወረቀት፣ ቤት ለማከራየት ወረቀት፣ ለመቀበር እንኳ ወረቀት ሲሉን ችለን ኖርን። አሁን ደግሞ ሎሚ መኮምጠጡን የሚመሰክር ወረቀት መጣላችሁ። ሎሚ! የቀመሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማደደበት ፍሬ በስተርጅናዬ ማስረጃ አምጣ ተባለ።

ወረቀት አያውቅም እንዳልባል፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነው። በኛ ጊዜ ማኅተም ያላረፈበት፣ ቁጥርና ቀን የሌለው፣ ኃላፊ ያልፈረመበት ወረቀት እንኳን ሊመሰክር ፋይል ውስጥም አይገባም ነበር። ማኅተም ያለውም ቢሆን ስንቱ ሲዋሽ አይቻለሁ! ይኼኛው ግን ከጣቴ የሚቀጥን ቢጫ ቁራጭ ነው። ፊርማ የለው፣ ቲተር የለው፣ ግልባጭ የለው። ታዲያ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ከኔ ቃል የሱን ታስበልጣለች።

«አባባ፣ ኮመጠጠ ያሉት ስንት ነው?» ትለኛለች።

«ስንት ነው ማለት ምን ማለት ነው? ኮመጠጠ ኮመጠጠ ነዋ!»

«ፒኤቹን ነው የምጠይቅዎት።»

ኧረ ፒኤቹ ይውደቅ! እኔ የጠላ ጥንስስ በሽታው ብቻ መድረስ አለመድረሱን ከሚያውቁ እናት የተወለድኩ ሰው ነኝ።

ፒኤች የሚለኩት ቁራጮች ያሉባት ደብተር መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ናት። ውስጧ ቁራጮቹ ተደርድረዋል፤ ሽፋኗ ላይ ከ1 እስከ 14 የቀለም መሰላል ታትሟል። 1 ላይ ደማቅ ቀይ ነው። ከዚያ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቢጫ እያለ ይሄድና መሃል ላይ 7 ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከ7 በላይ ሰማያዊ፣ ጫፉ ላይ ወይን ጠጅ። ከ7 በታች ያለው አሲድ፣ ከ7 በላይ ያለው አልካሊ፣ 7 ራሱ እንደ ንጹሕ ውሃ ወዲያም ወዲህም ያላጋደለ ነው። ከ7 ቁልቁል ስታነቡት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፤ የባንዲራችን ቅደም ተከተል። ይህንን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ለመምህሯ የራሷ አስመስላ ነገረቻት መሰለኝ፣ ተጨብጭቦላት መጣች።

እሑድ ጠዋት ወጥ ቤቱ ላይ ፍተሻ ታወጀ። ቁራጩን ነከር ታደርግና ወዲያው ታወጣዋለች፤ ትንሽ አራግፋ ከመሰላሉ ጋር እያጠጋች ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች። ሎሚው ሲነካው ወረቀቱ ቀላ፤ 2 ተባለ። ኮምጣጤው 3 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። እርጎው ብርቱካንማ ሆኖ 4 አካባቢ ቆመ። ባለቤቴ ያቦካችው፣ ውሃው ከላይ የቀረረው የጤፍ ሊጥ፣ እሱም 4 ላይ ወረደ። ትኩስ ወተት 7 ሳይገባ ደጃፉ ላይ ቀረ። ለጠላዬ ስትመጣ ግን ጣሳዬን ያዝኩ።

«እሱን ተይው።»

«አንድ ጠብታ ብቻ፣ አባባ።»

አንድ ጠብታ ወሰደች። በ4ና በ5 መካከል ነው አለች። ታዲያስ? ጣፍጧል ወይ? ደፍርሷል ወይ? ጌሾው በዝቷል ወይ? ወረቀቱ ይህን አይመልስም። ጥሩ ጠላም ያስጠላ ጠላም አንድ ቀለም ሊያወጡ ይችላሉ። ለሱ ሁሉም አሲድ ነው፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ቀጥላ ደረቅ የልብስ ሳሙና በወረቀቱ ፈተገች፤ ምንም የለም። ውሃ ጠብ ስታደርግበት ነው ወደ ሰማያዊ የሄደው፤ ወደ 10። ያለ ውሃ እኮ አንድ ቃል አይተነፍስም! አሲዱም ሆነ አልካሊው ማንነቱ የሚገለጠው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው። ይህን ባለማስተዋሏ ንጥር ቅቤያችንን ከፍታ አንድ ቁራጭ ሰነቀረችበት። በዚህ የቅቤ ዋጋ! ወረቀቱ ወዛ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ቅቤው ሲነጠር ውሃው ተኖ አልቋል፤ ውሃ ከሌለ አዮን የሚሉት ቅንጣት የሚንሳፈፍበት የለም፣ አዮን ከሌለ ወረቀቱ የሚይዘው የለም። ቅቤ መሻገቱን ለማወቅ ዛሬም አፍንጫ ነው የሚያስፈልገው። ይህንን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ የሰማኝ የለም።

ጉድ ያየነው በረኪናው ላይ ነው። ቁራጩ እንደገባ ሰማያዊ ሆነ፤ ደስ አላት። መሰላሉ ላይ ቁጥሩን ፈልጋ ሳትጨርስ ግን ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ ወረቀቱ ነጭ ሆነ። በረኪና አልካሊ ብቻ አይደለም፣ ቀለም በሊታም ነው፤ መጀመሪያ ቃሉን ሰጠ፣ ቀጥሎ ምስክሩን ራሱን አጠፋ። መዝገብ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ገጥሞኛል። ቀልዱን ትተን ግን፣ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር ቀላቅላችሁ ሽንት ቤት የምታጥቡ ሰዎች ተዉ! አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ ሳንባ ነው የሚያቃጥለው። ይህን ማኅተም ሳትጠይቁ እመኑኝ።

ወረቀቱ እንዴት አወቀ ብዬ ጠየቅኋት፤ ለመጠየቅ አላፍርም። የተነከረው በአንድ ማቅለሚያ አይደለም፣ በብዙ ማቅለሚያዎች ድብልቅ ነው። አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሃይድሮጅን አዮን ይበዛል። አዮኑ የማቅለሚያው ሞለኪውል ላይ ሲለጠፍ ሞለኪውሉ የሚውጠው ብርሃን ይለወጣል፤ ሳይዋጥ ተርፎ ዓይናችን የሚደርሰው ቀለምም አብሮ ይለወጣል። አልካሊ ሲመጣ ደግሞ አዮኑን ይነጥቀውና ማቅለሚያው ሌላ መልክ ይይዛል። እያንዳንዱ ማቅለሚያ የሚገለበጥበት የራሱ ድንበር አለው። ብሮሞታይሞል ብሉ የሚሉት ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የሚሻገረው ከ6 እስከ 7.6 ባለው መካከል ነው፤ ሜቲል ሬድ ከዚያ በታች፣ ፌኖልፍታሊን ከ8 በላይ። ሲደባለቁ መሰላሉ ይሞላል።

የጥንቱ ሊትመስ ይሻለኛል። እሱ ቀይ ወይም ሰማያዊ ብሎ ያርፋል፤ ወደ 4.5 ዝቅ ካለ ቀይ፣ 8.3 ካለፈ ሰማያዊ፣ መሃል ላይ ሲሆን ግራ ተጋብቶ ወይን ጠጅ ይሆናል። ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁት አያውቅም። ጨዋ ነው።

የጨዋው የትውልድ ሐረግ ግን ባይነሳ ይሻላል። ሊትመስ የሚገኘው ድንጋይ ላይ ከሚበቅል ሽበት ነው፤ የኛ ሰው የዛፍ ሽበት ከሚለው ጋር ዘመድ የሆነ፣ ባሕር ዳርቻ አለት ላይ የሚለጠፍ። ሆላንዶች ፈጭተው፣ ኖራና ፖታሽ ጨምረው፣ አሞኒያ እንዲያገኝ በሽንት ዘፍዝፈው ለሳምንታት ያቦኩት ነበር። ልብ በሉ፤ በባለቤቴ ሊጥ ላይ የሚፈርደው ወገን አያቱ በሽንት የቦካ ነው! የኛ ቡኮ ቢያንስ በእርሾ ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ እጇን ለመታጠብ ሮጠች። ዛሬ በሽንት የሚሠራ የለም ብዬ እስክነግራት ብዙ ውሃ ፈሰሰ።

ከሁሉ አንጀቴን ያበገነው ቁጥሩ ነው። አሲዱ ሲበረታ ቁጥሩ ያንሳል! ይህን የገለበጠው ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ነው፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ። ካርልስበርግ ቢራ ጠማቂ ነው። አያችሁ? እኛ ዘንድ ጠማቂዋ ጋኑን በወይራ አጥና፣ ቀምሳ፣ «ደርሷል» ትላለች። እነሱ ዘንድ ፕሮፌሰር ይቀጥራሉ። እርግጥ ሰውየው ያለ ምክንያት አልገለበጠውም፤ የአዮኑ መጠን በዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ የሚጻፍ ኢምንት ስለሆነ፣ ዜሮውን ሁሉ ከመደርደር ስንት ጊዜ ለአሥር እንደተካፈለ ብቻ ልቁጠር አለ። ስለዚህ አንድ ደረጃ መውረድ አሥር እጥፍ መጨመር ነው። ሎሚው 2፣ ሊጡ 4 ሲሆን የሎሚው አዮን የሊጡን ሁለት እጥፍ አይደለም፣ መቶ እጥፍ ነው። ጡረታዬ በየደረጃው እንዲህ ቢያድግ ኖሮ እኔም ኬሚስትሪን በወደድኩ።

ደግሞ ቀለም ሲለዋወጥ ማየት አዲስ ነገር ነው እንዴ? ፈረንጆቹ ራሳቸው ከአበባ ነው የጀመሩት። ሮበርት ቦይል በ1664 እ.ኤ.አ. ስለ ቀለማት ባሳተመው መጽሐፍ የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ አሲድ ሲነካው ቀይ፣ አልካሊ ሲነካው አረንጓዴ እንደሚሆን ጽፏል። እኛ ቤት ካርካዴ አለ። ቀዩ ሻይ ውስጥ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጣል ብታደርጉበት ያ ውብ ቀለም ሙልጭ ብሎ ይጠፋና ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላ ደብዛዛ ነገር ይሆናል። ሎሚ ስትጨምቁበት እየተፍለቀለቀ ቅላቱ ይመለሳል። ልጅቷ ይህንን በኔ ብርጭቆ ነው የሞከረችው። ጠጣሁት? አልጠጣሁትም።

የጋቢዬ ነገር ደግሞ አለ። ክርስትና ቤት ተጠርቼ ከጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ አልጫ ወጥ ጋቢዬ ጥለት ሥር ላይ ደፋብኝ። ይቅርታ እንኳ በወጉ አልጠየቀም፤ ስልኩን እያየ ነበር። ቤት ስመለስ ቢጫ ነጠብጣብ ነው። ባለቤቴ ሳሙና አርከፍክፋ ስትፈትገው ያ ቢጫ ዓይኔ እያየ ደም መሰለ! እሷ ጥለቱ ለቀቀ ብላ ሸማኔውን ረገመች፣ እኔ ሳሙናውን። ልጅቷ መጥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ከትናንቱ ሎሚ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበት። የነካው ቦታ ብቻ፣ ልክ የጠብታዋን ያህል፣ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ቀዩ መሃል ቢጫ ክብ። ሳሙና ነካችው፣ ቀላ። ሎሚ ነካችው፣ ቢጫ። ባለቤቴ አማተበች።

እርድ ነው ለካ። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባለው ማቅለሚያ 8 አካባቢ ድንበሩን ሲሻገር ወደ ቀይ ቡናማ ይገለበጣል፤ ሳሙና ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። በሀገሩ ስንት ነጠላና ጋቢ አልጫ እየተደፋበት፣ በሳሙና እየቀላ፣ ስንት ሸማኔ በከንቱ ተረግሟል! በውሃ በደንብ ማለቅለቅና ፀሐይ ላይ መስቀል ነው መድኃኒቱ፤ ኩርኩሚን ፀሐይ አይችልም። የኔ ጋቢ ገመድ ላይ ከርሞ ነጣ። ደፊው ግን እስከ ዛሬ አልደወለም።

ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ በሽታ ይዞታል። ሰውነት አሲድ ሲሆን ነው የሚታመመው ብለውት አልካላይን ውሃ የሚሉትን በውድ ይገዛል። አንድ ቀን ጠርሙሱን ይዞ መጣ፣ ልጅቷ ነከረች፣ ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ አደላ። «አያችሁ!» አለ። ምኑን ነው የምናየው? ውሃው አልካሊ መሆኑን አየን። አንተ ግን ስትውጠው የሚቀበልህ ጨጓራ 1 ወይም 2 ላይ የተቀመጠ አሲድ ነው፤ ጉሮሮህን አልፎ ሰላምታ ሳይሰጥ ያልቃል። ደምህ ደግሞ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው፤ ሳንባህ በትንፋሽ፣ ኩላሊትህ በሽንት እየጠበቁት። የሚለዋወጠው ሽንትህ ነው፤ ክሊኒክ የሚነክሩበት ባለብዙ ቀለም ዘንግ ላይ አንዷ ምልክት ለሱ ነው የተመደበችው። ከ5 እስከ 8 ወዲያ ወዲህ ቢል ኩላሊትህ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ጠርሙሱን አቅፎ ሄደ። ወረቀቱ የተጠየቀውን መልሶ ነበር፤ ሰውዬው ነው ያልተጠየቀውን የሰማ።

ጎጃም ያለው የወንድሜ ልጅ ቤት ስሄድ ግን ነገሩ ከወጥ ቤት ጨዋታ ወጣ። ማሳው እህል እምቢ ብሎታል። ገብሱ ይበቅላል፣ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ለውጥ የለም። ልማት ሠራተኛው አፈሩን ከተለያየ ቦታ ቆንጥሮ ቀላቅሎ፣ በተጣራ ውሃ በጥብጦ፣ እስኪጠል ጠብቆ ለካው። ከ5 በታች። ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ውስጥ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ውሃ ለዘመናት አጥቦ ይወስደዋል፤ እኛም አዝመራውን ከነገለባው አጭደን እናግዛለን፤ አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያም በበኩሉ አሲዱን ይጨምራል። አፈሩ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይበላዋል፤ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ለዚህ ነው ሰውየው በውድ የገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ እስረኛ ሆኖ የቀረው። በሀገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በየደረጃው አሲድ ያጠቃው ነው ይባላል፤ ጎጃም፣ ወለጋ፣ ጅማ፣ ሲዳማ፣ ዝናብ የሚበዛበት ደጋ።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ችግሩ ይህ ነው፤ ምርመራው ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ኖራው በጭነት መኪና ነው የሚመጣው። ለአንድ ሄክታር ኩንታሎች አይበቁትም፣ ቶን ነው የሚጠይቀው። መንገዱ ደግሞ ክረምት ላይ በቅሎ የሚያዳልጥ ነው። የወንድሜ ልጅ ማሳው ስንት እንደሆነ በቃሉ ያውቀዋል፣ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል፤ ኖራው ሲመጣ ይደርሳል ተብሎ ተመዝግቦ ወረፋ ይጠብቃል። አሁን እንግዲህ ምዝገባ የሚለው ቃል ሲነሳ እኔ ያደግኩበት ነው፤ ከየትኛው ፋይል ሥር እንደተቀመጠ በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። ለልማት ሠራተኛው የአቤቱታ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ግልባጭ ለነማን እንደሚደረግ አንድ ገጽ ሙሉ ነገርኩት። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፣ ወጣት ነው፣ አመስግኖ ተቀበለ።

አዲስ አበባ ስመለስ ደብተሯ ልታልቅ ነው። ልጅቷ ምሳ ላይ ጥቁር ለስላሳዋን ከፍታ ልትጠጣ ስትል፣

«ቆይ» አልኳት። «እሱስ?»

«ምኑ?»

«ፒኤቹ ነዋ።»

ቅር እያላት አንድ ቁራጭ ገነጠለች። ለስላሳው ራሱ ቀለም ስላለው ለማንበብ አስቸገረ፤ በውኃ ብታቀጥኚው ቁጥሩ ይሳሳታል፣ ጠብታውን ካንዱ ጫፍ አስነኪና ቀለሙ ወደ ላይ ሲሳብ እዪው አልኳት። አየችው። ቀይ ነው፤ ከ2 ብዙም ያልራቀ፤ የኮምጣጤው ጎረቤት። ፎስፎሪክ አሲዱን ስኳሩ ሸፍኖት ነው እንጂ ምላስ መች ይቀበለው ነበር። ጥርስ ግን በስኳር አይታለልም፤ ከ5.5 በታች ሲሆን ኢናሜሉ መሟሟት ይጀምራል።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ከኔ እንጀራና ከሷ ጠርሙስ መሃል አስቀመጥኩት።

«ያንቺ ምስክር ነው» አልኳት። «እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

«ግን እኮ ይጣፍጣል፣ አባባ።»

«ማን አለ?»

«ምላሴ።»

ባለቤቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጥ ልትጨምር ተነሳች። ልጅቷ ጠርሙሱን አንስታ እስከ ግማሽ ጠጣችው።